ስለትና የዘር ቆጠራ

በጄን ኦስተን «ኩራትና ጭፍን ጥላቻ» (1813 እ.ኤ.አ.) የአባታቸው ርስት ለወንድ ዘመድ ስለሚተላለፍ፣ ለአምስቱ የቤኔት ሴቶች ልጆች መጠጊያቸው ትዳር ነው። ጎረቤታቸው ሻርሎት ሉካስ በ27 ዓመቷ የማትወደውን ሚስተር ኮሊንስን ለቤትና ለእንጀራ ስትል ታገባለች፤ ቢያንስ መራጯ ራሷ ናት። በ1958 ዓ.ም. በታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ሰብለ ወንጌል ይህም አልተፈቀደላትም። ሀብት ሳይጎድል፣ አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ በዘር የሚመጥናት አጥተው ጠያቂዎቿን ሲመልሱ የማግቢያ ዕድሜዋ ያልፋል። («የማን ልጅ ነው?» የሚለው ጥያቄ እስከ ካምፓላ ድረስ አብሮ ተሰዷል።)

ሐያስያን አብዝተው የሚያነሡት ይህን የመኳንንት ትዕቢት ነው፤ የጉዱ ካሳም ምላስ ረድቷቸዋል። የልቦለዱ መራራ እውነት ግን ቀደም ብሎ፣ ማንኩሳ ውስጥ ከቦጋለ መብራቱና ከውድነሽ በጣሙ ጎጆ ይጀምራል። ሁለቱን ያገናኛቸው የዘር ቆጠራ ሳይሆን ብቸኝነት ነው፤ በመጽሐፉ ውስጥ እንደ እነርሱ የተሳሰበ ባልና ሚስት ማግኘት ያስቸግራል። ሆኖም በዛብህን ሞት እንዳይወስድባቸው ለእግዚአብሔር ተስለው፣ ከትዳር ያገዱት እነዚሁ ወላጆች ናቸው። በፍቅረኞቹ መካከል የቆመው አጥር፣ በሰብለ በኩል በኩራት፣ በበዛብህ በኩል በወላጅ ፍቅር የታጠረ ነው። ለኩራቱ ጉዱ ካሳ መልስ አለው። በእናት እንባ የተገባን ስለት ግን ምን ብሎ ይተቸዋል? ፊታውራሪውን መጥላት ቀላል ነው፤ ቦጋለንና ውድነሽን ግን ሐዲስ አላስጠሏቸውም።