የሠዓሊ እጅ አልታዘዝም ሲል
ስለ ዴቪድ ሆክኒ የከሰል፣ የዘይት ቀለምና የዲጂታል ሥዕሎች

በሥነ ጥበብ ሥራ የተሰማራ ሰው ከሚገጥሙት ፈተናዎች ሁሉ እጅግ የሚከብደው የገንዘብ እጦት ወይም የተመልካች ማነስ አይመስለንም፤ ሸራው ተወጥሮ፣ ቀለሙ ተበጥብጦ ሳለ እጅ አልታዘዝም ሲል ነው። ብዙዎች ይህን የሐሳብ መንጠፍ ይሉታል። ነገሩን ጠጋ ብሎ ለመረመረው ግን አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ የሐሳብ መንጠፍ ሳይሆን የልማድ መደንደን ነው። እጅ የሚያውቀውን ብቻ ይደግማል፤ ዐይንም ውሎ አድሮ እጅ የሚያውቀውን ብቻ ማየት ይጀምራል።

ከዚህ እስራት ለመውጣት በዘመናችን ብዙ ሠዓልያን የጥንቱን ብሩሽና ከሰል ከዲጂታል መሣሪያ ጋር አቀናጅቶ መሥራትን እንደ መድኃኒት ይዘውታል። መድኃኒቱ ይሠራልን? የሚሠራ ከሆነስ በምን ምክንያት ነው? ይህን ለመመርመር የእንግሊዛዊው ሠዓሊ የዴቪድ ሆክኒ ሥራዎች መልካም ማስረጃ ናቸው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሆክኒ በ1937 በዮርክሻየር፣ በብራድፎርድ ከተማ ተወለደ። ስሙ የገነነው በ1960ዎቹ ዓመታት በሣላቸው የካሊፎርኒያ መዋኛ ገንዳዎች ነው። ይሁን እንጂ በአንድ ስልት ረግቶ አልተቀመጠም፤ በ1982 ፎቶግራፎችን እየገጣጠመ፣ በ1986 ደግሞ በቢሮ የፎቶኮፒ ማሽን ኅትመት እያወጣ ሠርቷል። በ2009 በስልኩ ገጽ ላይ በጣቱ ይሥል ነበር፤ በ2010 አይፓድ ሲወጣም ያንኑ ሥራ ሰፋ ባለው ገጽ ቀጠለበት።

አዲሱ መሣሪያ የሰጠው አንደኛው ጥቅም ፍጥነት ነው። የንጋት ብርሃን ሠዓሊን አይጠብቅም፤ ቀለም እስኪበጠበጥ ድረስ ወገግታው ያልፋል። «ብረትን መቀጥቀጥ እንደ ጋለ ነው» እንዲሉ፣ ራሱ የሚያበራው ገጽ ግን ገና ሳይነጋ፣ መብራት ሳያስፈልግ ለሥራ ዝግጁ ነው። ሁለተኛው ጥቅም መሣሪያው እያንዳንዱን መስመር በተሣለበት ተራ መልሶ ማሳየቱ ነው። ሠዓሊው እጁ የሄደበትን መንገድ እንደ ሌላ ሰው ሆኖ ይመለከታል፤ ልማዱንም ያያል። የታየ ልማድ ደግሞ ግማሽ የተሰበረ ልማድ ነው።

የዚህ ፍሬ በ2011 በምሥራቅ ዮርክሻየር፣ ዎልድጌት በሚባለው የገጠር መንገድ ላይ የጸደይን መምጣት ያሳየበት ሥራ ነው። ሥራው 51 የአይፓድ ሥዕሎችንና በ32 ሸራዎች ላይ የተሠራ አንድ ታላቅ የዘይት ቀለም ሥዕል የያዘ ሲሆን፣ በ2012 በለንደን በሮያል አካዳሚ ለሕዝብ ታይቷል። የአይፓዶቹ ሥዕሎች ቀኑን በቀኑ የሚመዘግቡ ናቸው፤ አንዱ በረዶውን፣ ሌላው ጭቃውን፣ ሌላው እንቡጡን ይይዛል። ነገር ግን አድናቆታችን ጉድለቱን እንዳናይ ሊያደርገን አይገባም። ከመስተዋቱ በስተኋላ ይበራ የነበረው ብርሃን በወረቀት ላይ ሲታተም ይጠፋል፤ መስመሩም ሲጎላ የቀለም ውፍረትና የብሩሽ ሻካራነት ስለሌለው ልሙጥ ሆኖ ይቀራል። ሸራው የሚይዘውን የቀለም አካል ኅትመቱ አይሰጥም።

ዋናው ፈተና የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በ2012 መጨረሻ ገደማ ሆክኒን ቀላል ስትሮክ መትቶ ንግግሩን አወከበት፤ በመጋቢት 2013 ደግሞ አብሮት ይሠራ የነበረ ወጣት ረዳቱ ሞተ። በዚያ ዓመት የዚያኑ መንገድ ጸደይ የሣለው በአይፓድ ሳይሆን በከሰል ነው፤ አምስት ቦታዎችን መርጦ እያንዳንዱን አምስት ጊዜ በመሣል 25 ሥዕሎችን ፈጸመ። ምክንያቱን ከሥራዎቹ ከራሳቸው መረዳት ይቻላል። ዲጂታሉ መሣሪያ ቀለምን በቀላሉ ይለግሳል፤ ስሕተትንም ያለ አሻራ ይደመስሳል። ከሰል ግን ቀለም የለውም፤ የተደመሰሰው መስመርም ጥላውን ትቶ ይሄዳል። ስለዚህ ሠዓሊው እያንዳንዱን ቅርንጫፍ አስተውሎ እንዲመለከት ይገደዳል። በእኛ ግምት እነዚህ ጥቁርና ነጭ ሥዕሎች ከባለ ቀለሞቹ ይልቅ ጥልቀት አላቸው።

ከዚያ በኋላ ወደ ሎስ አንጀለስ ተሻግሮ ቀለም ሳይነካ ጥቂት ወራት ቆየ። ዝምታውን የሰበረው የሥራ ባልደረባውን ራሱን በሁለት እጁ ይዞ እንደ ተቀመጠ በመሣል ነው፤ በብሩሽና በአክሪሊክ ቀለም። ከዚህ የተነሣው ተከታታይ ሥራ 82 የሰዎች ምስሎችን አስገኝቶ በ2016 ለሕዝብ ቀረበ። እንግዲህ ለእገዳ ሁሉ መድኃኒቱ ማሽን ነው የሚሉ ሰዎች ይህን ሊያስተውሉት ይገባል።

በ2020 ደግሞ በኖርማንዲ ተቀምጦ ወደ አይፓዱ ተመለሰ፤ የዚያ ዓመት የጸደይ ሥዕሎቹ 116 ናቸው። ከዚያ ዘመን ሥራዎቹም በርዝመት 90 ሜትር ያህል የሆነ፣ ዓመቱን በሙሉ በተከታታይ የሚተርክ አንድ ሥዕል አቀናጀ። ለዚህ አርአያ የሆነው በ11ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው፣ 70 ሜትር ያህል የሚረዝመው የባዮ ጥልፍ ነው። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በ44 ክፍል ተሥሎ ያየ የአገራችን ሰው የዚህን አተራረክ ጣዕም ለመረዳት አይቸገርም። እዚህ ላይ አሮጌው ጥበብ ለአዲሱ መሣሪያ መልክ ሰጠው።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው መፈወሻው መሣሪያው ሳይሆን መሻገሩ መሆኑን ነው። አይፓዱ የሸራን ልማድ ሰበረ፤ ከሰሉ የአይፓድን ልማድ ሰበረ። ሆክኒ ወዲያና ወዲህ ለመሻገር የቻለው ግን በሁለቱም ወገን የሚቆምበት መሬት ስለነበረው ነው፤ ከ1953 ጀምሮ በብራድፎርድ፣ ቀጥሎም በለንደን ለዓመታት እርሳስ ይዞ ተምሯል። ስለዚህ ሥዕል የሚያስተምሩ መምህራን ታብሌት ለተማሪ መስጠታቸው መልካም ነው፤ ከሰሉን ከእጁ ነጥቀው የሰጡት እንደ ሆነ ግን፣ እጁ አልታዘዝም ባለ ቀን የሚሻገርበትን ማዶ አሳጡት ማለት ነው።