ቴምብሩና መልስ ያጣው ደብዳቤ

ቴምብር ለምን ይለጠፋል? ደብዳቤ ከላኪው ተነሥቶ ተቀባዩ ዘንድ እንዲደርስ፣ ደርሶም መልስ እንዲያመጣ ነው። ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ ይመስላል። ይሁንና በ1960 ዓ.ም. የዐፄ ቴዎድሮስን መቶኛ ሙት ዓመት ለማሰብ የወጡትን ሦስት ቴምብሮች ይህንኑ የሞኝ ጥያቄ ይዘን ስንመለከታቸው አንድ የሚጎረብጥ ነገር እናገኛለን። መልካቸው በቴምብሩ ላይ የወጣውን ንጉሥ ወደ መቅደላ ከገፏቸው ነገሮች አንዱ መልስ ያጣ ደብዳቤ ነው! ቴምብሮቹ ግን ስለዚህ ትንፍሽ አይሉም። የዚህ ሂስ ዓላማም ዝምታው ከየት እንደመጣ መመርመር ነው።

በቅድሚያ ለቅርጹ የሚገባውን እንስጥ። በአንዱ ላይ ንጉሡ ለብቻቸው፣ በአንዱ ላይ ከአንበሶቻቸው ጋር፣ በሦስተኛው ላይ ደግሞ ዘውድ አለ። ነገሩ ግልጽ ነው፤ ሠዓሊው አልተወሳሰበም። ዘራቸውን ከሰሎሞን በሚቆጥሩ ንጉሠ ነገሥት ዘመን፣ መሳፍንቱ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ የሰደቧቸውን ሰው በዘውድና በአንበሳ አክብሮ በየፖስታ ቤቱ ማሰራጨትም ቀላል ነገር አልነበረም። የግርማቸው ተክለ ሐዋርያት «ቴዎድሮስ»፣ የብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ»፣ የአቤ ጉበኛ «አንድ ለእናቱ» በመድረክና በልብ ወለድ ለንጉሡ የሰጡትን ቦታ ቴምብሩም በበኩሉ ሰጣቸው። ይህን አንክድም።

ችግሩ ያለው ይዘቱ ላይ ነው። እስቲ ያንን ስድብ መልሰን እንየው። «ኮሶ ሻጭ» ማለት ምን ማለት ነው? መሸጥ ነውር ነው፣ ገበያ የወጣ ሰው ክብር የለውም ማለት ነው። ቴምብሩ ለዚህ ስድብ የሰጠው መልስ ዘውድ ነው። እንግዲህ የተሳዳቢዎቹን ሚዛን ሳይሰብር በዚያው ሚዛን ላይ ቴዎድሮስን ከፍ አደረጋቸው እንጂ፣ ገበያው ያው እንደተናቀ ቀረ። የንጉሡን ታሪክ ያለ ገበያው መረዳት ግን አይቻልም። ንጉሡ ራሳቸው ሥልጣን እንደያዙ ገበሬው እንዲያርስ፣ ነጋዴውም እንዲነግድ ማወጃቸው በከንቱ አልነበረም።

የኛን አገር እንውሰድ። ራስ ጉግሣ የቆረቆሯት ደብረ ታቦር ደጋ ላይ ያለች የጦር ከተማ ብቻ አልነበረችም። ወደ ጣና ቆላው ወረድ ሲሉ ይፋግ አለ፤ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከሰሜኑ ታላላቅ ገበያዎች አንዱ ነበር። የእስላም ነጋዴዎች መንደር ደሪጣ አለች፤ በጣና ዳር ደግሞ ቆራጣ አለች። ከአፋር በረሃ ተቆርጦ በግመል፣ በበቅሎና በአህያ የሚመጣው አሞሌ ጨው በነዚህ ገበያዎች እንደ ዝርዝር ገንዘብ ይቆጠር ነበር፤ ከምንጩ በራቀ ቁጥርም ዋጋው ይጨምራል። ለትልቁ ሒሳብ ማርትሬዛ፣ ያ ጠገራ ብር አለ። ገበያተኛው የሴትዮዋን የዘውድና የደረት ጌጥ ነጥቦች አይቶ፣ በአውሮፓውያን 1780 የሚለውን ዓመት አረጋግጦ ነበር የሚቀበለው። መልኩ የደበዘዘ ብር ማን ይወስዳል!

ታዲያ ይህ ሁሉ ከቴምብር ጋር ምን አገናኘው? ይሄን ነው ማየት ያለብን። ኢትዮጵያ የራሷን ቴምብር ያወጣችው በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1894 ነው፤ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችውም በ1908 ነው። ከዚያ በፊት የሩቅ ደብዳቤ በመልእክተኛና በሲራራ ነጋዴ እጅ፣ ኬላ ለኬላ፣ አሞሌው በመጣበት መንገድ ይጓዝ ነበር። ፖስታችን የንግዱ መንገድ ነበር ማለት ነው። የመንገዱ መጨረሻ ምጽዋ ደግሞ በቱርክ፣ ኋላም በግብፅ እጅ ነበረች። መሣሪያም ዕውቀትም የሚገባበትን በር ሌላ ሰው ይዞታል።

ቴዎድሮስ በ1855 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ የወጣው በዚህ በር ነው። ቆንስል ካሜሮን ላከው፤ በዚያው ዓመት የካቲት ላይ ለንደን ደረሰ። እንግዲህ መንገዱ ሠርቷል! በእግርና በበቅሎ፣ ኋላም በመርከብ፣ በአራት ወር ገደማ ደርሷል። የጠፋው ከደረሰ በኋላ ነው፤ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ መዝገብ ውስጥ ከትቶ ተወው። መልሱ ሲዘገይ ካሜሮን ታሰረ። በመጨረሻ መልስ ይዞ የመጣው ሆርሙዝ ራሳም በ1858 ዓ.ም. ንጉሡ ዘንድ ቀርቦ በዚያችው በነጋዴዎቹ ከተማ በቆራጣ ተቀመጠ። ንጉሡም ሚስዮናዊውን ፍላድን የእጅ ባለሙያ እንዲልኩላቸው ለንደን ሰደዱት። ባለሙያዎቹ ምጽዋ ድረስ መጡ፤ ወደ ውስጥ ግን ሳይገቡ ተመለሱ። በሩ አሁንም አልተከፈተም።

ጋፋትን መረዳት ያለብን ከዚህ ተነሥተን ነው። ከደብረ ታቦር ጥቂት ወጣ ብላ ባለችው በዚያች ጉብታ እነዋልድማየር ከአገሬው ሠራተኞች ጋር መድፍ ያቀለጡት ለጉራ አይደለም። ደጅ የተከለከለ ሰው ቤቱ ውስጥ ለመሥራት ሞከረ፤ ይኸው ነው። 7 ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል እዚያ ተሠርቶ ከጥቅምት እስከ መጋቢት 1860 ዓ.ም. በሰው ጉልበት፣ በገመድ፣ መንገድ እየተቆረጠለት መቅደላ ደረሰ። ያንን ገመድ የጎተተው ገበሬ ግን በአንዱም ቴምብር ላይ የለም።

የመጨረሻውም ሒሳብ በገበያ ቋንቋ የተጻፈ ነው። የጄኔራል ናፒየር ጦር ይዞት የመጣው ጠመንጃ ብቻ አልነበረም፤ ከ4 ሚሊዮን በላይ ማርትሬዛ ብር ይዞ መጣ። መኖውን፣ እህሉንና አጋሰሱን በዚያ ከፈለ። ይፋግ ላይ ነጥቡ እየታየ የሚመነዘረው ያው ብር የንጉሡን መውደቂያ መንገድ ገዛ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ የመቅደላ ዘረፋ በ15 ዝሆኖችና 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ፣ ደላንታ ሜዳ ላይ በጨረታ ተሸጠ። እንግሊዝ ከወሰደቻቸው ዘውዶች አንዱን በአውሮፓውያን 1925 መለሰች፤ የወርቁን ግን አስቀረች። ስለዚህ በሦስተኛው ቴምብር ላይ ብቻውን የተቀመጠውን ዘውድ ስናይ ክብር ብቻ ሳይሆን ጨረታም ይታየናል። ሠዓሊው ይህን አስቦበት ቢሆን ኖሮ ምስሉ ምን ያህል በከበደ ነበር!

አንዳንድ ጓደኞቻችን «አይ እናንተ ደግሞ! በዚያች ቁራጭ ወረቀት ላይ ስንት ነገር እንዲገባ ትፈልጋላችሁ?» እንደሚሉን እናውቃለን። እኛ ግን ብዛት አልጠየቅንም፤ ምርጫ ነው የምንጠይቀው። አንበሳውን ለመሣል የበቃ ቦታ የታሸገ ደብዳቤ ለመሣል፣ ወይም አሞሌ የተጫነች አንዲት አህያ ለመሣል ያንሳል? አያንስም። ያነሰው ሐሳቡ ነው። ትንሽነት ለቅርጽ ገደብ ነው እንጂ ለይዘት ማምለጫ ሊሆን አይገባውም።

ነገሩ ዛሬም ይመለከተናል። መልእክት በእጅ ስልክ ከሆነ ወዲህ ቴምብር ከደብዳቤው እየተለየ ሄዷል፤ በአልበም ውስጥ የሚቀረው ምስሉ ብቻ ነው፤ ልጆችም ታሪክ ብለው የሚይዙት ያንኑ ነው። ዘውድና አንበሳ ብቻ ያየ ልጅ ቴዎድሮስ በቁጣቸው ጠፉ ብሎ ያድጋል። ደብዳቤውን፣ መንገዱንና የተዘጋውን በር ያየ ልጅ ግን ቁጣው ከምን እንደመጣ ይጠይቃል። ሁለቱ ልጆች ስለ አገራቸው የሚያስቡት አንድ አይሆንም። ስለዚህ ወደፊት ለደብረ ታቦር የመታሰቢያ ቴምብር የሚሣል ሰው ቢኖር፣ ከዙፋኑ በፊት ጋፋትን፣ ከጋፋትም በፊት የይፋግን መንገድ እንዲያይ እንጠይቃለን።

በዚህ የማትስማሙ ጓደኞች ሐሳባችሁን ጽፋችሁ ላኩልን። እኛ መልስ እንሰጣለን።