ሂሳቡ ቢተርፍስ?

በአዲስ አበባ በርገርና ፒዛ ቤቶች አዲስ የተሾሙ ኃላፊዎች ካሸር ሊቀጥሩ ሲሉ ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ «ታማኝ መሆኗን በምን ላውቅ?» የሚል ነው። ከነባሮቹ የሚያገኙት መልስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ «ዋስ ታቅርብ» ነው። በዚህ መልስ አልስማማም። ዋስ ገንዘብ ቢጠፋ ማን እንደሚከፍል ይነግረናል እንጂ አመልካቿ ገንዘብ እንዴት እንደምትይዝ አይነግረንም። ዋስ ፈጽሞ ይቅር አልልም፤ የምቃወመው ቃለ መጠይቁን ሲተካው ነው። የዋሱ ደብዳቤ ከተረጋገጠ በኋላ ንግግሩ «ስለ ራስሽ ንገሪን» እና «ለምን እኛን መረጥሽ» በሚሉ ጥያቄዎች ያልቃል፤ ለእነዚህ ደግሞ ሥራ ፈላጊ ሁሉ የሸመደደው መልስ አለው።

አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቅ ብባል የምመርጠው ይህን ነው፦ «ማታ ሂሳብ ስትዘጊ ሃምሳ ብር ቢተርፍሽ ምን ታደርጊያለሽ?» ቢጎድል አላልኩም። ለጉድለት «ከኪሴ እተካለሁ» ማለት ቀላል ነው፤ ጠያቂውም ደስ ብሎት ያልፋል። ትርፍ ግን ያልተዘጋጁበት ጥያቄ ስለሆነ የሥራ ልማድን ያወጣል። ኪሴ እከተዋለሁ የሚል ሰው አይኖርም። ልብ ብለን ልናዳምጠው የሚገባው «አስቀምጬ ሌላ ቀን ሲጎድል አካክስበታለሁ» የሚለውን ነው። በቅንነት የሚባል ነው፣ ጠንቃቃም ይመስላል፤ ነገር ግን ያ ሃምሳ ብር ከሰማይ አልወረደም። ወይ ለደንበኛ ያልተመለሰ መልስ ነው፣ ወይ ማሽኑ ላይ ሳይመታ፣ ደረሰኝ ሳይቆረጥለት የወጣ ምግብ ነው። የመጀመሪያው ደንበኛን ያስቀይማል፤ ሁለተኛው ቤቱን ከግብር ሰብሳቢው ጋር ያጣላል። ትርፉ ለነገ ጉድለት ሲሸፈንበት ሁለቱም ስህተቶች ከመዝገብ ይጠፋሉ፤ ምክንያታቸውን የሚፈልግም አይኖርም። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ሂሳቧ አንድ ብር ሳይዛነፍ ከምትዘጋ ካሸር ይልቅ አንዳንዴ አሥር ብር ጎደለ፣ አንዳንዴ አምስት ብር ተረፈ ብላ የምትጽፈውን አምናለሁ። በምሳ ሰዓት ግፊያ ውስጥ በጥሬ ገንዘብ የሚሠራ የሰው እጅ ይሳሳታል።

ጥፋቱ የሠራተኛዋ አይደለም፣ ማካካስን ያስተማራት ጉድለትን ሁሉ ከደመወዟ የሚቆርጥ ቤት ነው የሚሉ አሉ። እውነታቸውን ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ እንደፈለገ ደመወዝ እንዲቆርጥ አይፈቅድም፤ ሲቆረጥም ከወር ደመወዙ ከአንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። አሠራሩ ግን በየቤቱ ይለያያል። ስለዚህ «አካክሳለሁ» ያለችን አመልካች ወዲያው መጣል ስህተት ነው። «የነበርሽበት ቤት ጉድለት ሲኖር ምን ያደርግ ነበር?» ተብላ ትጠየቅ፤ ከዚያ ጠያቂው የራሱን ቤት ደንብ በግልጽ ይንገራት። ሳትጠየቅ «ሂሳብ ቢጎድል አሠራራችሁ ምንድን ነው?» የምትል አመልካች ብትኖር እንደ ደፋር ተቆጥራ ነጥብ ሊቀነስባት አይገባም፤ እኔ ብሆን እጨምርላታለሁ።

ሌሎች ደግሞ አፍ ሁሉን ይላል፣ መልሱንም የሚያሰላው ማሽን ነው ይላሉ። አፍ ሁሉን እንደሚል እስማማለሁ፤ ለዚህም ነው ጠረጴዛው ላይ እውነተኛ ብር መኖር ያለበት። ሂሳቡ 635 ብር ነው፤ ደንበኛው አራት ባለ 200 ኖት ሰጠ፤ ማሽኑ መልሱ 165 ነው አለ። በዚህ መሃል ደንበኛው «ቆይ፣ ሠላሳ አምስት ብር አለኝ» ብሎ ይጨምራል። አሁን የማሽኑ ቁጥር አይረዳም፤ መመለስ ያለበት 200 ነው። እዚህ ላይ ፍጥነቷን አልመለከትም። የምመለከተው ቆም ብላ ማሰቧን፣ የደንበኛውንም ብር መልስ ሰጥታ እስክትጨርስ ወደ መሳቢያው አለመክተቷን ነው። «ሜኑው 400 ይላል፣ ለምን 460 ትይኛለሽ?» ብሎ የሚቆጣ ደንበኛም ይጨመር፤ የ15 በመቶውን ቫት በሁለት ዓረፍተ ነገር ማስረዳት ከቻለች ይበቃል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ፦ ወረፋው ረዝሟል፣ ደንበኛው ስልኩን እያሳየ «ከፍያለሁ» ይላል። የቤቱ ሂሳብ ውስጥ መግባቱን ሳታይ ትእዛዙን ወደ ኩሽና ታስተላልፋለች? ካላስተላለፈችስ ሰውየውን ሌባ ሳታስመስለው ጥቂት እንዲታገሥ የምትነግረው እንዴት ነው? ይህን ክህሎት የትኛውም የዋስ ደብዳቤ ላይ አናገኘውም።

ጉዳዩን አጥብቄ የምይዘው ለብዙ ወጣት ይህ ወንበር የመጀመሪያው የደመወዝ ሥራ ስለሆነ ነው። አሠሪ አስቀድሞ «ብትሰርቂ ማን ይከፍልልሻል?» ካለ፣ ልጅቷ ሥራ ሳትጀምር ተጠርጣሪ ሆናለች። ከክፍለ አገር የመጣች፣ በከተማው ደመወዝተኛ ዘመድ የሌላት ደግሞ ችሎታዋ ሳይታይ ከበር ትመለሳለች። በሃያ ደቂቃ ቃለ መጠይቅ ሰው አይታወቅም ለሚሉኝ፣ ሕጉ እስከ 60 የሥራ ቀን የሙከራ ጊዜ ፈቅዷል። በእነዚያ ቀናት የየማታውን ትርፍና ጉድለት ራሷ ትጻፍ፤ ኃላፊውም በማግስቱ ጠዋት ደረሰኞቹን ይዞ ከእሷ ጋር ይመልከተው። ስለ ዋሱ ከዚያ በኋላ እንነጋገር።