ርቀትን የሚሸሽግ ጥሪ፤ ኢንተርፕራይዝ ጃቫ ቢንስ በአርሲ ደጋ ሲመዘን

በአንድ ስፍራ ያለ ፕሮግራም በሌላ ሩቅ ስፍራ ባለ ኮምፒዩተር ላይ የተቀመጠውን የሥራ ደንብ ጠርቶ የሚያሠራበት ዘዴ ዛሬ በባንክ፥ በመንግሥት መሥሪያ ቤትና በኅብረት ሥራ ማኅበር ሁሉ የተለመደ ሆኗል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ከነዚህ ዘዴዎች አንዱን፥ ይኸውም ሰን ማይክሮሲስተምስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1998 ያወጣውን ኢንተርፕራይዝ ጃቫ ቢንስ ነው። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ስለ ጥቅሙ ብዙ ስለ ተጻፈ በአጭሩ እናልፈዋለን። ጕድለቱን ግን ከአሰላ ላይ ቆመን ለማየት መርጠናል፤ የዚህ ዘዴ ጕድለት በሰርቨሩ አጠገብ ለተቀመጠ ሰው አይታይምና።

በመጀመሪያ የሚገባውን ምስጋና እንስጠው። ለአንድ ገበሬ ስንት ኩንታል ማዳበሪያ በዱቤ ይሰጠዋል፥ የቀድሞ ዕዳ ቢኖርበትስ ምን ይደረጋል የሚለው ደንብ በየጸሐፊው ኮምፒዩተር ላይ ተበትኖ ቢቀመጥ የኢተያው አንድ ዓይነት፥ የበቆጂው ሌላ ዓይነት መሆኑ አይቀርም። ደንቡ በሰርቨር ላይ በአንድ ስፍራ ሲቀመጥ ግን ለሁሉም በአንድ ቀን ይሻሻላል፤ ማን ሊጠራው እንደሚፈቀድለትም በዚያው ይጠበቃል፤ አንድ ሥራ እኩሌታው ተጽፎ እኩሌታው እንዳይቀር የሚጠብቅ አሠራርም አለው። እርግጥ ነው፥ በአንድ ስፍራ መሆን ስሕተቱንም ለሁሉ ያደርሳል። በ2024 በመጋቢት ወር በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በአንድ ሌሊት የደረሰውን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነ ሁሉ ያስታውሳል፤ በሲስተም ማሻሻያ ጊዜ በተፈጠረ ችግር ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ማውጣት ችለው ባንኩ ወደ 801 ሚሊዮን ብር ያላግባብ እንደ ተወሰደበት አስታውቋል። ቢሆንም ደንብ በአንድ ስፍራ ይቀመጥ በሚለው አንከራከርም። ክርክራችን በአጠራሩ ላይ ነው።

አጠራሩ እንዲህ ነው። በበቆጂ ያለው ፕሮግራም በመጀመሪያ ወደ ስም መዝገብ ሄዶ የሚፈልገውን አገልግሎት በስሙ ይጠይቃል። መዝገቡ የሚመልስለት አገልግሎቱን ራሱን አይደለም፤ አገልግሎቱን የሚመስል እንደራሴ ነው። ፕሮግራሙ እንደራሴውን ሲጠራው፥ እንደራሴው የተሰጠውን ጠቅልሎ በመረብ ይልካል፤ በሩቁ ያለው ደግሞ ፈትቶ ያሠራና መልሱን እንዲሁ ጠቅልሎ ይመልሳል። ይህ ሁሉ ለፕሮግራም አዘጋጁ አይታየውም። እርሱ የሚጽፈው አንድ መሥመር ብቻ ነው፤ ያም መሥመር በገዛ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለውን ነገር ሲጠራ ከሚጽፈው በምንም አይለይም። መጻሕፍቱ ይህንን እንደ ታላቅ ድል ይቈጥሩታል። እኛ ግን የችግሩ ሁሉ ሥር ይህ ነው እንላለን።

ወደ ቁጥሩ እንምጣ። አሰላ ከአዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ብርሃን በመስታወት ክር ውስጥ በሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ ደርሶ መልሱ 2 ሺኛ ሴኮንድ እንኳ አይሞላም፤ በመንገድ ያሉት መሣሪያዎች የሚያዘገዩት ቢጨመርበትም ሰው አያስተውለውም። ነገር ግን መረቡ ሁልጊዜ በክር አልነበረም። በ2000ዎቹ የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችን ለማገናኘት የተዘረጋው ወረዳኔት ለብዙ ወረዳዎች የደረሰው በሳተላይት ሳሕን ነበር። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የሚቆም ስለ ሆነ፥ ጥያቄው ወጥቶ ወርዶ፥ መልሱም ወጥቶ ወርዶ 144,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ ይህም ለብርሃን እንኳ ግማሽ ሴኮንድ ያህል ነው። እንግዲህ አንድ ጸሐፊ የገበሬውን ስም፥ ቀበሌውን፥ የመሬቱን ስፋት፥ ዕዳውን፥ የወሰደውን ዘር እያለ 12 ነገር በስክሪኑ ላይ ለማየት ቢፈልግና ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ለብቻው ቢጠራ 6 ሴኮንድ ይጠብቃል። ለ40 ገበሬዎች 4 ደቂቃ በመጠበቅ ብቻ ያልፋል። 12ቱ በአንድ ጥሪ ተጠቃለው ቢመጡ ግን ለ40ውም 20 ሴኮንድ ይበቃ ነበር። ፕሮግራሙ በተጻፈበት ክፍል ይህ ልዩነት ሊታይ አይችልም፤ ጠሪውና ሰርቨሩ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ናቸውና። በቆጂ ያለ ሰው 12 ጥያቄ ቢኖረው 12 መልእክተኛ ወደ አዲስ አበባ አይልክም፤ ሁሉንም በአንድ ወረቀት ጽፎ አንድ ሰው ይልካል።

መዘግየት ግን ትንሹ ጕዳት ነው። በገዛ ኮምፒዩተር ውስጥ የተጠራ ነገር ወይ ተሠርቷል ወይ አልተሠራም። በሩቅ የተጠራው ሦስተኛ ሁኔታ አለው፤ ይኸውም አለመታወቅ ነው። ገበሬው የማዳበሪያውን ገንዘብ ከፈለ፥ ጸሐፊው ቁልፉን ተጫነ፥ ጥሪው ሄደ፥ ሰርቨሩም መዘገበ እንበል፤ መልሱ ሊመለስ ሲል መረቡ ተቋረጠ። በበቆጂ ስክሪን ላይ የሚወጣው ስሕተት ደርሷል የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ነው። ጥያቄው ገና ሳይደርስ ተቋርጦ ቢሆንም የሚወጣው ያው ነው። ጸሐፊው እንደገና ቢጫን ክፍያው ሁለት ጊዜ ሊመዘገብ ይችላል፤ ባይጫን ከነአካቴው ሳይመዘገብ ሊቀር ይችላል። እውነቱን ይናገር ቢባል፥ «አባቴ፥ ገንዘቡ ገብቷል ወይም አልገባም ለማለት አልችልም» ማለት ነበረበት፤ ፕሮግራሙ ግን ይህን የሚያውቅበትን መንገድ አልሰጠውም። ሥራ እኩሌታው እንዳይቀር የሚጠብቀው አሠራር፥ ከላይ ያመሰገንነው፥ እዚህ አይረዳም፤ የሚጠብቀው በሰርቨሩ ቅጥር ውስጥ ያለውን ብቻ ነው። ስንዴ በሚዘራበት በሰኔና በሐምሌ መክፈሉ ሳይታወቅለት ባዶ አህያ እየነዳ የሚመለስ ገበሬ የሚያጣው የአንድ ቀን ጊዜ ብቻ አይደለም።

ይህ ነገር ሳይታወቅ የቀረ አይደለም። በ1984 አንድሩ ቢሬልና ብሩስ ኔልሰን በዜሮክስ የምርምር ማእከል ሳሉ ስለ ሩቅ ጥሪ በጻፉት የታወቀ ጽሑፍ፥ የሩቁን ጥሪ የቅርቡን ያህል ቀላል ለማድረግ ቢጥሩም የመገናኛው መቋረጥ ለጠሪው በልዩ ምልክት እንዲነገረው አድርገው ነበር። በ1994 ደግሞ ጂም ዋልዶና ሦስት ባልደረቦቹ የሩቁና የቅርቡ ነገር አንድ ሊሆን እንደማይችል በሰፊው አስረድተዋል፤ ከሰጧቸውም ምክንያቶች አንዱ ሩቅ ያለው ነገር ሲበላሽ ቅርብ ያለው ሳይበላሽ መቅረቱ ነው። የሚያስገርመው እነዚህ ሰዎች ይህን የጻፉት በዚያው በሰን ማይክሮሲስተምስ መሆኑ ነው። የ1998ቱ ደንብ ምክሩን በከፊል ሰምቶ፥ ማንኛውም የሩቅ ጥሪ ሪሞት ኤክሴፕሽን የተባለውን የመቋረጥ ምልክት እንዲያስታውቅ ያስገድድ ነበር። በ2001 የወጣው ሁለተኛው ደንብ የቅርቡን አጠራር ከሩቁ ለየ፤ ይህም መልካም እርምጃ ነበር። በ2006 የወጣው ሦስተኛው ግን ሥራውን ለማቅለል ሲል ያንን ግዴታ አነሣው፤ መቋረጡ አሁን የሚመጣው ለማስታወቅም ለመያዝም በማያስገድድ ምልክት ነው። ደንቡን ያወደሱት ሰዎች ፕሮግራሙ በዚህ የተነሣ አጠረ ይላሉ። እውነት ነው፥ አጥሯል፤ ያጠረው ግን መካከል ላይ መንገድ እንዳለ የሚያስታውሰው ቃል ተፍቆ ነው።

ሌላም ትንሽ የምትመስል ነገር አለች። በቅርብ ጥሪ የሚተላለፈው ነገሩ ራሱ ነው፤ በሩቅ ጥሪ የሚሄደው ግን ቅጂው ነው። ቢሮ የሠራ ሰው ይህን በግልባጭ ያውቀዋል፤ በግልባጩ ላይ የተደረገ እርማት ዋናውን አያርመውም። በዚህ ዘዴ ግን ሁለቱም በአንድ ዓይነት መሥመር ስለሚጻፉ፥ ከቅርብ ወደ ሩቅ የተዛወረ ፕሮግራም ምንም ስሕተት ሳያሳይ እርማቱን ሊጥል ይችላል።

መድኃኒቱ አዲስ አይደለም። በአገራችን መሥሪያ ቤት ወጪ ደብዳቤ ሁሉ ቁጥርና ቀን አለው። ደብዳቤው ጠፍቷል ተብሎ ሁለተኛ ቢላክ፥ የተቀባዩ መዝገብ ቤት ቁጥሩን አይቶ ያው መሆኑን ያውቃል፤ ሁለት ጊዜ አይፈጽመውም። ጠሪው ፕሮግራምም ለእያንዳንዱ ክፍያ አስቀድሞ ቁጥር ሰጥቶ ቢልክ፥ ሰርቨሩም ቁጥሩን ከክፍያው ጋር አንድ ላይ መዝግቦ ቢይዝ፥ ጸሐፊው ደጋግሞ ቢጫን ጕዳት የለበትም፤ ሁለተኛው ጥሪ የመጀመሪያውን መልስ ይዞ ይመለሳል። ኢንተርፕራይዝ ጃቫ ቢንስ ይህን አይከለክልም፤ አያስተምርምም።

አንዳንድ ሥራ ደግሞ ከነጭራሹ ሩቅ ሳይጠራ በቦታው ሊሠራ ይችላል። አሰላ ይህን ከኮምፒዩተር በፊት አይታዋለች። በ1967 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት የተቋቋመውና ካዱ በመባል የሚታወቀው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ማእከሉን በአሰላ አድርጎ የእርሻ አማካሪዎቹን በገበሬው መካከል አሰማርቶ ነበር፤ ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ ለሚነሣው ጥያቄ ሁሉ ገበሬው አሰላ ድረስ መውጣት አላስፈለገውም። በዘመናችንም ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በታብሌት የተዘጋጀው የመዝገብ ሥርዓት መረብ በሌለበት ቀበሌ ቤተሰቡን መዝግቦ መረብ ሲገኝ የሚልክ ነው። ርቀት መኖሩን አምኖ የተሠራ ስለ ሆነ ለደጋው ይስማማል።

ክሩ ተዘርግቷል፥ ቴሌብር በ2021 ተጀምሮ በስልክ መክፈልም ተለምዷል፥ ስለዚህ ክርክራችሁ አርጅቷል የሚለን ይኖራል። የመዘግየቱ ነገር በብዙ ስፍራ እንደ ቀለለ እናምናለን። ሦስተኛው ሁኔታ ግን በፍጥነት አይድንም፤ ፈጣን መንገድም ይቋረጣል። ኢንተርፕራይዝ ጃቫ ቢንስን ትተው በድረ ገጽ ቋንቋ ወደሚነጋገሩ አገልግሎቶች የዞሩትም ጥሪውን በአንድ መሥመር ውስጥ እስከ ደበቁት ድረስ ያንኑ ዕዳ ይዘው ሄደዋል።

በኮሌጅ ቤተ ሙከራ ተማሪው ጠሪውንም ሰርቨሩንም በአንድ ኮምፒዩተር ላይ አስነሥቶ መልስ ከመጣለት ሠርቷል ተብሎ ማርክ ይቀበላል። እኛ የምንጠይቀው ፈተናው እንዲለወጥ ነው። ጠሪውና ሰርቨሩ በሁለት ክፍል ይቀመጡ፤ ክፍያው ተልኮ መልሱ ሳይመለስ መምህሩ ገመዱን ይንቀል፤ ከዚያ መልሶ ይሰካው፤ ተማሪውም ገንዘቡ ስንት ጊዜ እንደ ተመዘገበ ከመዝገቡ ያሳይ።