ከቡይት ራስ እስከ ሳንቃበር
በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከቡይት ራስ ወደ ሳንቃበር የሚወስደው የእግር መንገድ ለጀማሪም ይመቻል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ስለሚያልፍ፣ ተጓዡን የሚፈትነው ከዳገቱ ይልቅ የአየሩ መሳሳት ነው፤ ቀስ ማለት ይበጃል። የመንገዱ ጌጥ የአስታ ዛፍ ነው። ቅጠሉ እንደ መርፌ የቀጠነ፣ አበባው ጥቃቅንና ነጭ ሲሆን፣ ከቅርንጫፉ የሽማግሌ ጢም የመሰለ የዛፍ ሽበት ይንጠለጠልበታል። ጉም ሲወርድበት ደግሞ ከምንጊዜውም በላይ ያምራል። ሣር የሚግጠው ጭላዳ ዝንጀሮ በመንጋ ይሰማራል፤ ሰው ሲያልፍ እምብዛም አይደነግጥም። ሲመሽ ከገደሉ አፋፍ ወርዶ ያድራል። ፓርኩ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የመግቢያ ክፍያ የሚፈጸመውና አጃቢ ስካውት የሚመደበው ደባርቅ ከተማ ላይ ነው።