የተመራጭ ወላጆች ሥልጣን፦ የቺካጎ ትምህርት ቤቶች ልምድ ሲመረመር

የሕዝብ ትምህርት ቤቶችን የሚቆጣጠሩ ሰዎች በሕዝብ ይመረጡ የሚለውን አሳብ በመርሕ ደረጃ የሚቃወም ጥቂት ነው። ክርክሩ የሚነሣው ተመራጮቹ ከተሰየሙ በኋላ በምን ጉዳይ ላይ ሊወስኑ ይችላሉ የሚለው ጥያቄ ሲቀርብ ነው። ይህንን ጥያቄ በተጨባጭ ለመመርመር ከሚያስችሉት አጋጣሚዎች አንዱ በአሜሪካ የቺካጎ ከተማ ከ1989 ጀምሮ ሲሠራበት የቆየው የትምህርት ቤት ምክር ቤት ነው። (ስለ ቺካጎ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ለውጡን የወለደው ችግር ነበር። በ1987 የከተማዪቱ መምህራን ለ19 የትምህርት ቀናት ሥራ አቆሙ፤ በዚያው ዓመት የአገሪቱ የትምህርት ሚኒስትር ዊልያም ቤኔት የቺካጎን ትምህርት ቤቶች በአገሩ ካሉት ሁሉ የከፉ ናቸው ብለው ተናገሩ። ወላጆች፣ የሰፈር ማኅበራትና የንግድ ሰዎች ባደረጉት ግፊት የኢሊኖይ ግዛት ሕግ አውጪ ምክር ቤት በ1988 አዲስ ሕግ አወጣ። በዚህም መሠረት እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ስድስት ወላጆች፣ ሁለት የአካባቢ ነዋሪዎች፣ ሁለት መምህራንና ርእሰ መምህሩ የሚገኙበት ምክር ቤት እንዲኖረው ተደረገ፤ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አንድ ተማሪ ይታከልበት ነበር። ከአሥራ አንዱ አባላት ስድስቱ ወላጆች እንዲሆኑ የተደረገው ታስቦበት ነው።

የሕጉ ዋና ነጥብ ግን የወንበሩ ብዛት ሳይሆን ለወንበሩ የተሰጠው ሥልጣን ነው። ምክር ቤቱ የትምህርት ቤቱን የማሻሻያ ዕቅድና የወጪ አመዳደብ ያጸድቃል፤ ከሁሉም በላይ ርእሰ መምህሩን በአራት ዓመት ውል ይቀጥራል፣ ውሉ ሲያበቃም ያድሳል ወይም ያሰናብታል። ርእሰ መምህራን ቀድሞ የነበራቸው በቦታቸው ጸንቶ የመኖር ዋስትና ቀረ። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ዓይኑን ወደ ማዕከላዊው መሥሪያ ቤት ብቻ ሲያማትር የኖረው ርእሰ መምህር በደጁ የሚያልፉትን ወላጆችም ማዳመጥ ግድ ሆነበት። ሕጉን በመቃወም ፍርድ ቤት የሄዱት ርእሰ መምህራን መሆናቸው የሥልጣኑን ክብደት ያሳያል። የግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1990 የዋስትናውን ክርክር ባይቀበልም፣ የአመራረጡ ሥርዓት የዜጎችን የድምፅ እኩልነት ያጓድላል ሲል ስለ ፈረደ ሕጉ በ1991 ተሻሻለ።

በ1989 በተደረገው የመጀመሪያ ምርጫ ወደ 5,400 ለሚጠጉ ወንበሮች ከ17 ሺህ በላይ ዕጩዎች ቀርበው ነበር። ከዚያ በኋላ የዕጩውም የመራጩም ቁጥር በእጅጉ አሽቆለቆለ። አንዳንድ ተቺዎች ይህንኑ ይዘው ሕዝቡ ለትምህርት ቤት አስተዳደር ደንታ የለውም የሚል ድምዳሜ ላይ ደርሰዋል። ይህ አመለካከት የችኮላ ነው። የምርጫ ቀን ሰልፍ መርዘም ወይም ማጠር ምክር ቤቱ በቀሩት ቀናት ምን እንደሚሠራ አይናገርም። የሚበጀው መለኪያ በስብሰባው ክፍል ውስጥ የሚሆነው ነው።

በዚህ ረገድ አንቶኒ ብራይክና ባልደረቦቹ በ1998 ያሳተሙት ጥናት ከምርጫ ቆጠራው ይልቅ ያስተምራል። ተመራማሪዎቹ እንደ ደረሱበት፣ ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ሥር የሰደደ ለውጥ ጀምረዋል፤ ሌላው ሲሶ በከፊል ተንቀሳቅሷል፤ የቀረው ወደ ኋላ ቀርቷል። ምክር ቤቱ ባለበት ቦታ ሁሉ ወላጁ ባለ ሥልጣን ሆነ ማለት አይደለም፤ በብዙ ትምህርት ቤቶች ርእሰ መምህሩ ሥልጣኑን ጠቅልሎ ይዞ ምክር ቤቱን ማኅተም አድራጊ አድርጎታል። እነዚሁ ተመራማሪዎች በ2010 ባወጡት ሁለተኛ መጽሐፍ የተገለጸው ደግሞ ይበልጥ የሚያሳስብ ነው። እጅግ ድሃ በሆኑና ጎረቤት ከጎረቤት የሚተሳሰርባቸው ማኅበራት በሳሱባቸው ሰፈሮች የሚገኙ ትምህርት ቤቶች የመሻሻል ዕድላቸው ጠባብ ነበር። ምርጫ ያለውን መተማመን ወደ ሥራ ይለውጥ እንደ ሆነ እንጂ የሌለውን ከባዶ አይፈጥርም።

በ1995 ሕጉ እንደገና ተሻሽሎ የከተማዪቱ ከንቲባ የበላይ ቦርዱንና ዋና ሥራ አስኪያጁን እንዲሾሙ ተፈቀደ፤ ውጤታቸው ዝቅተኛ ነው በተባሉ ትምህርት ቤቶች የምክር ቤቱ ሥልጣን ተሸረሸረ። በዚያው ማሻሻያ ግን አንድ ጠቃሚ ነገር ገብቷል፤ አዲስ ተመራጮች ስለ በጀት፣ ስለ ዕቅድና ስለ ርእሰ መምህር አመራረጥ እንዲሠለጥኑ ግዴታ ሆነ። በጀት ማንበብ ያልተማረ ወላጅ በጀት አጽድቅ ሲባል ፊርማውን ከማኖር በቀር ምን ሊያደርግ ይችላል? ሥልጠናው ስድስት ዓመት ዘግይቶ መታዘዙ የሕጉ ትልቁ ጉድለት ነው።

የከተማዪቱ የበላይ ቦርድ አባላት ለመጀመሪያ ጊዜ በከፊል የተመረጡት በኅዳር 2024 ነው። በዚያ ውድድር የመምህራኑ ማኅበርና የቻርተር ትምህርት ቤት ደጋፊዎች ከፍተኛ ገንዘብ አፍስሰዋል። ልጁን በሚያስተምርበት ትምህርት ቤት በጎረቤቶቹ የሚመረጥ ወላጅ ይህን ያህል ወጪ አያስፈልገውም፤ ሁለቱን ዓይነት ምርጫ አንድ አድርጎ መመልከት ስሕተት ነው።

የቺካጎ ልምድ በኢትዮጵያ ለሚገኙ ዕቅድ አውጪዎችና መምህራን እንግዳ ጥያቄ አያነሣም። የትምህርት ቤት ኮሚቴዎች በአዋጅ ቁጥር 260/1976 በሕግ ተደንግገው ነበር፤ በ1994 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት አመራር፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎና የፋይናንስ መመሪያ ደግሞ የቀበሌ ትምህርትና ሥልጠና ቦርድንና የወላጅ መምህር ኅብረትን አቋቁሟል። እነዚህ አካላት መዋጮ በማሰባሰብ፣ መማሪያ ክፍል በማሠራትና ያቋረጡ ሕፃናትን በመመለስ ያደረጉት አስተዋፅዖ የሚናቅ አይደለም። ይሁን እንጂ ወላጅ በአብዛኛው የሚጠራው ገንዘቡና ጉልበቱ ሲፈለግ ነው፤ ርእሰ መምህር የሚመደበው በትምህርት ጽሕፈት ቤት በኩል ነው። የቺካጎን የቅጥር ሥልጣን እንዳለ መገልበጥ አያስፈልግም፤ የርእሰ መምህራን እጥረት ባለበት ወረዳ ውል አለማደስ ትምህርት ቤቱን ያለ መሪ ሊያስቀር ይችላል። የወላጅ ተወካዮች በርእሰ መምህሩ የሥራ ውጤት ላይ በየዓመቱ በጽሑፍ አስተያየት እንዲሰጡ፣ ጽሕፈት ቤቱም አስተያየታቸውን ያልተቀበለበትን ምክንያት በጽሑፍ እንዲመልስላቸው ማድረግ ግን ተጨማሪ በጀት አይጠይቅም። ተመራጮቹ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት የትምህርት ቤቱን የገቢና የወጪ መዝገብ ማንበብ የሚለማመዱበትን የሁለት ወይም የሦስት ቀን ሥልጠና በአቅራቢያው ያለ የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ በክረምት ሊሰጥ ይችላል።