ካርታው «ተስማሚ» ያለው ቦታ ላይ ጎጆ ይወጣል?

ከመካነ ሰላም ከተማ ተነስታችሁ ወደ ምዕራብ ብትጓዙ መሬቱ አንድ ቦታ ላይ ድንገት ይቋረጣል። ከላይ ብርዳም ደጋ፣ ከታች የዓባይ በረሃ። እዚህ አካባቢ ያደገ ወጣት ጎጆ ልውጣ ሲል የመጀመሪያው ጥያቄ «የት ላይ?» ነው። የወላጆቹ ማሳ ለወንድማማቾች ከተካፈለ በኋላ የሚተርፈው ወይ ዳገቱ ነው፣ ወይ ማንም ያላረሰው ደረቅ ጠርዝ።

ምህንድስና የተማርን ሰዎች ለዚህ ጥያቄ ዝግጁ መልስ አለን፦ የመሬት ተስማሚነት ካርታ። የዝናብ፣ የተዳፋት፣ የአፈርና የመንገድ ርቀት መረጃ ኮምፒውተር ላይ ይደራረባል፣ ለእያንዳንዱ ክብደት ይሰጠዋል፣ ተደምሮ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ቀለም ይወጣል። የሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፎች በእንዲህ ዓይነት ካርታ የተሞሉ ናቸው። እኔም ሠርቻለሁ፤ ስለዚህ ትችቴ ከራሴ ይጀምራል።

ለትምህርት የሠራሁት ካርታ ገደሉ አፋፍ ላይ ያለ አንድ ሜዳ ደማቅ አረንጓዴ አደረገልኝ። ሄጄ ሳየው እውነትም ለጥ ያለ ነው፣ ከመንገድም አይርቅም። ያገኘኋቸው ሽማግሌ ግን ሳቁብኝ። በዘንጋቸው መሬቱን ወጋ ቢያደርጉት ስንዝር ሳይገባ ድንጋይ ነካ። «ልጄ፣ እዚህ ሐምሌን አትመን። መስከረም ላይ መጥተህ እይ» አሉኝ።

ተመልሼ መረጃውን ስከፍት ያሳፈረኝ ነገር ምን መሰላችሁ? ካርታው አፈሩ ስስ እንደሆነ ያውቅ ነበር! ከ5 ነጥብ ለዝናብ 5፣ ለተዳፋት 5፣ ለመንገድ 4፣ ለአፈር ጥልቀት 1 ሰጥቷል። ክብደታቸው በተራ 30፣ 30፣ 20 እና 20 በመቶ ነው። ስትደምሩት 4 ከ5 ይሆናል፤ «በጣም ተስማሚ»። የመንገዱ ቅርበት ለጎደለው አፈር ካሳ ከፈለ ማለት ነው። ስንዴ ግን በመንገድ አይበቅልም።

አንገቷ ሥር የተሰነጠቀች እንስራና ወገቧ ላይ የተሰነጠቀች እንስራ እኩል ውሃ አይዙም። ሁለቱም የሚይዙት እስከ ስንጥቁ ድረስ ነው፤ የቀረው ገላቸው የቱንም ያህል ጠንካራ ቢሆን። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመናዊው ኬሚስት ሊቢግ ያስፋፋው «የዝቅተኛው ሕግ» የሚለው ይሄንኑ ነው፦ ሰብልን የሚወስነው ከሁሉ በላይ የጎደለው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው የፋኦ የመሬት ግምገማ ማዕቀፍም ለዚህ ሐሳብ ቦታ ሰጥቷል። እኛ ለምን መደመርን እንደመረጥን እንጃ፤ ሶፍትዌሩ ስለሚቀለው ይመስለኛል።

እስቲ የሽማግሌውን «መስከረም» በቁጥር እንየው። አንድ ሜትር ጥልቀት ያለው መካከለኛ አፈር ተክል ሊጠቀምበት የሚችል 150 ሚሊ ሜትር ገደማ ውሃ ይይዛል። 20 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከሆነ 30 ሚሊ ሜትር። ሰብሉ በቀን 4 ሚሊ ሜትር ቢጠጣ፣ ዝናቡ ካቆመ በኋላ ጥልቁ አፈር ከአንድ ወር በላይ ያቆየዋል፤ ስሱ ግን ሳምንት ብቻ። በእነዚህ ደጋዎች የዝናቡ ጉልበት ያለው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው። ዘለላው ፍሬ የሚሞላው ደግሞ ከዚያ በኋላ ነው። የዓመቱ የዝናብ ድምር አንድ ዓይነት፣ ጎተራው ግን ሌላ።

እዚያ ሜዳ ላይ የአፈር መረጃው ልክ መሆኑም ዕድል ነው። ብዙዎቻችን የምንወስደው ሶይልግሪድስ ለ250 በ250 ሜትር አንድ ቁጥር ይሰጣል፤ አንድ ጥማድን ሩብ ሄክታር ብንል 25 ጥማድ በአንድ ቁጥር ማለት ነው። ቺርፕስ የሚባለው የዝናብ መረጃማ አንዱ ነጥብ ጎኑ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዓባይ ገደል አፋፍ 5 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከደጋ ተነስታችሁ ቆላ ትደርሳላችሁ።

ይሄ የተማሪ ቤት ጨዋታ ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩት። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ደርግ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ፣ አብዛኛውን ከወሎ፣ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አሰፈረ፤ ብዙዎቹን ያለ ፈቃዳቸው። ከሰፈራ ቦታዎቹ አንዱ መተከል ውስጥ ያለው ፓዌ ነው። በዝናብ ብቻ ከለካነው ፓዌ ወሎን ያስንቃል፤ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ያገኛል። ስንጥቁ ሌላ ቦታ ነበር። ወባው የደጋ ሰው ገላ የማያውቀው፣ ገንዲው በሬ የሚጨርስ። ያለ በሬ የሚያርሰው የጣሊያን ገንዘብ ያመጣው ትራክተር ነበር፤ በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥና ፕሮጀክቱ ሲቆም እርሻውም አብሮ ተንኮታኮተ። «ባዶ» የተባለውም መሬት ባዶ አልነበረም፤ ጉሙዞች ቦታ እየቀያየሩ የሚያርሱት፣ የሚያድኑበትና ማር የሚቆርጡበት አገራቸው ነው።

ካርታ ይጣል አላልኩም። ወረዳውን ሙሉ በእግር ከመዞር ያድናል፤ የት ሄደን እንደምንቆፍር ይጠቁመናል። ቆፍረን ሳናይ ግን «ተስማሚ» የሚለውን ቃል ባንጠቀም ደስ ይለኛል።

የራሴን በዝቅተኛው ነጥብ ደግሜ ሠራሁት፤ ያ ሜዳ ቀይ ሆነ። ሽማግሌው ስንለያይ የነገሩኝ ግን አሁንም ካርታው ላይ የለም፦ ክረምት በመጣ ቁጥር የሦስት ጎጥ ከብት የሚግጠው እዚያው ሜዳ ላይ ነው።